ያልተበላሸው ቴሌቪዥን

ካቻቪቴ ይሉታል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ነገር ግን ደረት ኪሱ ላይ ካቻቪቴ ሳይሰካ ከቤት ወጥቶ ስለማያውቅ ሰፈሩ ያንን ስም እርግፍ አድርጎ ትቶ በመሣሪያው ጠራው። እሱም አልከፋውም። ሰው በያዘው ነገር ቢጠራ ምን አለበት፣ በሠራው ጥፋት የሚጠራም አለ እያለ ይስቃል። ሥራው ቴሌቪዥን መጠገን ነው። ሱቁ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብላ፣ በፀጉር ቤትና በአትክልት መሸጫ መካከል የተሸጎጠች አንድ ክፍል ናት፤ ከፊቷ ሰፊ መስኮት፣ ከኋላዋ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ አልጋው አለ። ሳያገባ ሃምሳን ተሻግሯል። ለምን ሲባል «ቦታ የለም» ነው መልሱ፤ አልዋሸም፣ የአልጋውን ግማሽ እንኳ የያዘው ተፈታትቶ የቀረ የሰው ዕቃ ነው።

በዚህ ዓለም ላይ የኔ የሚለው ሰው አንድ ታላቅ ወንድሙ ነው። እናትና አባታቸው በላይ በላዩ ሲሞቱ ካቻቪቴ ገና የወተት ጥርሱን አልጨረሰም፤ ታላቁ ደግሞ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ሥራ መጀመሩ ነበር። ዘመድ ተሰብስቦ ልጁ ለማን ይሰጥ እያለ ሲማከር፣ ታላቁ አንድም ቃል ሳይናገር ትንሹን በክንዱ አንጠልጥሎ ወሰደና ጋቢና ውስጥ፣ በሾፌሩና በራሱ መካከል አስቀመጠው። ከዚያ ወዲያ ማን ያሳድገው የሚል ጥያቄ አልተነሣም። ትምህርት ቤት ያስገባው እሱ ነው። ትምህርቱ አልገባ ሲለውም ሳይቆጣ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ወስዶ ሙያ ያስያዘው እሱ ነው። ስለዚህ ካቻቪቴ ወንድሙን በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ «ጋሼ» ነው የሚለው። ሾፌሮቹ ግን «ተሳቢ» ይሉታል። ዕድሜውን ሙሉ የነዳው ተሳቢ ያለው መኪና ነው፤ በዚያ ላይ፣ እነሱ እንደሚሉት፣ ከኋላው አንድ ወንድም እየጎተተ ነው የኖረው።

ጋሼ ጡረታ ሲወጣ ጓደኞቹ ተሰባስበው ግድግዳ የሚያክል ቴሌቪዥን አበረከቱለት። የሰቀለው ካቻቪቴ ነው። ከዚያ ጀምሮ እራቱን እዚያው እየበላ፣ ከወንድሙ ጎን ሶፋው ላይ ተዘርፍጦ ኳስ ሲያይ ኖረ። የጋሼ ሚስት፣ እሱ እትዬ የሚላት፣ ሁለቱን ጎን ለጎን እያየች «እኔስ ሁለት ልጅ ነው ያገባሁት» ትል ነበር። ይህ ሁሉ አገር ምድሩን ያዘጋው ወረርሽኝ ከመምጣቱ በፊት ነው።

በሽታው ሲመጣ መነጽራሟም አብራ መጣች። የጤና መሥሪያ ቤቱን መግለጫ የምትሰጠው ሐኪም ናት፤ ስሟን ሰው ሁሉ ቢያውቀውም የሚጠራት በመነጽሯ ነው። በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ ከጠረጴዛ ኋላ ትቆምና ስንት ሰው እንደተያዘ፣ ስንቱ እንደዳነ፣ በየትኛው የሕክምና ማዕከል ስንት ሰው እንደሞተ፣ የታመሙት ሰዎች የት የት ውለው እንደነበር አንድ ባንድ ታነባለች። ጣቢያው ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ሳያቋርጥ ያስተላልፈዋል። ታዲያ ሴትዮዋ የሞቱትን ከማንበቧ በፊት መነጽሯን የማውለቅ ልማድ ነበራት። የሞተ ከሌለ አታወልቅም። እንደምታወልቅ እሷ ራሷ የምታውቅ አይመስለኝም፤ ሕዝቡ ግን ዐወቀባት። እጇ ወደ መነጽሯ ሲነሣ በየቤቱ ያለው ሰው ትንፋሹን ይይዛል።

አንዳንዱ ሰው መግለጫውን በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው ያፈስሰዋል። ጋሼ እንዲህ አልታደለም። ስንትና ስንት ኩንታል ጭኖ በገደል አፋፍ ሲነዳ የኖረ ሰው ለአንዲት ሴትዮ ድምፅ እጁን ሰጠ። የደም ግፊት አለበት፣ ዕድሜውም ገፍቷል፤ መነጽራሟ «ዕድሜያቸው የገፋና ሌላ ሕመም ያለባቸው» ባለች ቁጥር «እኔን እኮ ነው የምትለው» ይላል፣ በስሙ የጠራችው ያህል። ግንባሩን ይዳስሳል። ሽንኩርት አፍንጫው ላይ ደቅኖ ማሽተት አለማሽተቱን ያረጋግጣል። ከመታጠብ ብዛት የእጁ ቆዳ ተሰነጣጠቀ። እትዬን እንዳያስይዛት ብሎ ሳሎን ሶፋው ላይ መተኛት ጀመረ፤ መተኛት ከተባለ ነው፣ እንቅልፍ በዓይኑ አይዞርም። ምግብ ሲቀርብለት አንዴ ጎርሶ ይመልሳል። አስር ሰዓት ሲቃረብ ግን ቴሌቪዥኑ ፊት ተገትሮ ይጠብቃል። እትዬ አንድ ቀን ላጥፋው ብትል ጮኸባት። በትዳር ዘመናቸው ጮኾባት አያውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ጭምብሏን እስከ ዓይኗ ስባ ካቻቪቴ ሱቅ መጣች። ያለወትሮዋ አልቀመጥም አለች። ወንድምህ እያለቀብኝ ነው አለችው፤ በሽታው ሳይነካው በወሬው ሊሞት ነው። ግፊቱን ለክታው መሣሪያው ያሳየው ቁጥር ስላስደነገጣት ከራሱ ከጋሼ ደብቃው እንደመጣች ነገረችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«መጥተህ አበላሽልኝ» አለችው።

«ምኑን እትዬ?»

«ቴሌቪዥኑን ነዋ። መጠገን የሚችል ሰው ማበላሸት ያቅተዋል?»

ካቻቪቴ ሊስቅ ዳድቶት ነበር፤ ዓይኗን ሲያይ ሳቁን ዋጠው። በሙያው ዘመን ሁሉ ሰው የተበላሸ ይዞ ሲመጣበት እንጂ ደህናውን አበላሽልኝ ያለው አልነበረም። ጋሼን መዋሸትም ከበደው። ልጅ ሆኖ ዋሽቶት በተያዘበት ጊዜ ሁሉ ጋሼ መትቶት አያውቅም፤ ዝም ነው የሚለው፣ ያ ዝምታ ደግሞ ከዱላ ይብሳል። ግን ሶፋው ጫፍ ላይ ኩርምት ብሎ የተቀመጠው ወንድሙ ፊቱ ድቅን አለበት። እሺ አላት።

ነገሩ ቀላል ነበር። የዚያኑ ዕለት እራት ሊበላ ሲሄድ ጋሼ እጁን ሊታጠብ እስኪገባ ጠበቀ፤ ያ ደግሞ ያን ሰሞን ረጅም ጊዜ ነው። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ጥፍር የማታክል ፊውዝ ነቅሎ ኪሱ ከተተ። በማግስቱ አስር ሰዓት ሳይሞላ ጋሼ ደወለለት፤ አልበራ አለ፣ ቶሎ ድረስልኝ። ካቻቪቴ ሄደ፣ ከፈተ፣ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ አንዱን ቦታ በካቻቪቴው መታ መታ አደረገና ዋናው ክፍል ተቃጥሏል አለ። መለዋወጫው ከውጭ ነው የሚመጣው፣ መንገዱ ደግሞ ዝግ ነው። ያን ጊዜ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ቀርቶ ስለነበር ከዚህ የተሻለ ውሸት አልነበረም። ጋሼ ጥቁሩን መስታወት ትንሽ አየውና «እንግዲህ ምን ይደረጋል» ብሎ ተቀመጠ። የሬዲዮውን ባትሪ እትዬ ቀድማ አውጥታ ጥላዋለች። የጋሼ ስልክ የድሮ ነው፤ ከመደወልና ከመነጋገር ሌላ ሥራ አያውቅም። ካቻቪቴ ቴሌቪዥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሲያወጣ የወንድሙን ቤት የዘረፈ መሰለው።

የሆነ ሆኖ ዘዴው ሠራ። ጋሼ ተኛ። መጀመሪያ ሶፋው ላይ፣ ቀጥሎ በአልጋው። ሾርባውን ጨርሶ ጨምሪልኝ አለ። እጁን ሲታጠብ ማንጎራጎር ጀመረ። እትዬ ግፊቱን ለክታ ቁጥሩን ለካቻቪቴ በስልክ ስትነግረው ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ ነበረበት። አንድ ነገር ብቻ ካቻቪቴን ገረመው፤ ጋሼ ስለ ቴሌቪዥኑ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀውም። መለዋወጫው መጣ ወይ አላለውም። ካቻቪቴም ዕድሉን አመስግኖ ዝም አለ።

ቴሌቪዥኑ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ሥራ አላጣም። ካቻቪቴ ፊውዙን መልሶ ከተተለት፤ ዕቃ ያለ ሥራ ሲቀመጥ እርጥበት ይበላዋል ብሎ ለራሱ ምክንያት ሰጠ። ለሙከራ ብሎ መስኮቱ ሥር አቁሞ ሲያበራው፣ ከእግረኛ መንገዱ ላይ አንድ ሰው ቆመ፣ ሌላውም ጨመረ። ከዚያ በየቀኑ አስር ሰዓት ሲሆን ሰፈርተኛው ተራርቆ ከመስኮቱ ውጭ ይቆማል፣ ካቻቪቴ ድምፁን ከፍ ያደርግለታል። ከኋላ ያለው ሰው ሲያንጋጥጥ «አወለቀች?» ይላል፤ ከፊት ያለው «አዎ» ወይም «ገና» ይላል። የጋሼ ቴሌቪዥን ከጋሼ በስተቀር ለሁሉም ይናገር ነበር።

ክርክሩ የተነሣው ያን ጊዜ ነው። ጣቢያው መግለጫውን በየቀኑ ሙሉውን ማስተላለፉን እንቀጥል ወይስ እናቁም ብሎ ተመልካቹን ጠየቀ፤ በስልክ «ይቀጥል» ወይም «ይቁም» ብላችሁ ላኩ አለ። ከመስኮቱ ውጭ ሰዉ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ፀጉር አስተካካዩ ይቁም ነው የሚለው። ሰው ፀጉሩን እንዲህ ያሳደገው በሽታውን ፈርቶ ሳይሆን መነጽራሟን ፈርቶ ነው፣ የሚነገር ነገር ሲኖር ዜና ላይ በሁለት ቃል ይበሉን አለ። አትክልት ሻጯ አልተዋጠላትም። አንድ ቀን መግለጫውን ከዘለሉት መደበቅ ይጀምራሉ፣ ያን ጊዜ ማን ይነግረናል፣ አንተ ትነግረናለህ አለችው። ካቻቪቴን ዳኛ አድርገው ጠየቁት። ካቻቪቴ ስለ ጣቢያውም ስለ መንግሥቱም አላሰበም። ያሰበው ጋሼ የጨረሰውን ሾርባ ነው። በየቤቱ ስንት ጋሼ ይኖራል፣ ቴሌቪዥኑን የሚነቅልለት ወንድም የሌለው? ስልኩን አወጣና «ይቁም» ብሎ ላከ። ከልቡ ነበር።

ጋሼ እየተሻለው ሲሄድ ቤት መቀመጥ ሰለቸው። ከጭነት መኪና ተራው አጠገብ የጡረተኛ ሾፌሮች ክበብ አለ። በሽታው ሲገባ የፊት በሩ ተዘግቶ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ግን በጓሮ በኩል ገብተው ካርታ መጫወት ጀምረዋል። ጋሼ እግሬን ላፍታታ እያለ ይወጣና እዚያ ይውላል። ነገሩ ጋብ ብሏል መሰለኝ ይላል፤ አላለም የምትለው መነጽራሟ ደግሞ ቤቱ ውስጥ የለችም። እትዬ ካቻቪቴን አማከረችው። ካቻቪቴ ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ ሰው ማየቱ ይሻለዋል፣ ጭምብሉን ብቻ እንዳይረሳ አላት።

አንድ ቀን ፀጉር አስተካካዩ መግለጫው ላይ እየቀለደ ሰዉን ያስቃል፤ ካቻቪቴም ከሰዉ ጋር ይስቃል። መነጽራሟ የታመሙ ሰዎች የዋሉባቸውን ቦታዎች ማንበብ ላይ ደርሳ ነበር። የገበያ አዳራሽ አለች፣ አንድ ባንክ ቤት አለች፣ ቀጥላ ከጭነት መኪና ተራው አጠገብ ያለውን የሾፌሮች ክበብ ጠራች። በዚህ ሳምንት እዚያ የገባ ሰው ሁሉ ራሱን ለይቶ እንዲቀመጥና እንዲደውል አሳሰበች። ካቻቪቴ ሳቁ ከአፉ ሳይወጣ ቀልቡ ተገፈፈ። ሱቁን ሳይዘጋ፣ ጭምብሉን እንኳ በትክክል ሳያደርግ ሮጠ።

ጋሼ በረንዳው ላይ እግሩን ዘርግቶ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ካቻቪቴ ደረጃው ሥር ቆሞ እያለከለከ ክበብ መቼ እንደሄደ ጠየቀው። ጋሼ ትናንትም ዛሬ ጠዋትም ነበርኩ፣ ምነው አለ። ካቻቪቴ የሰማውን ነገረው።

«ማን አለ?» አለ ጋሼ።

«መነጽራሟ። አሁን፣ በቴሌቪዥን።»

«በማን ቴሌቪዥን?»

ካቻቪቴ በፀጉር ቤቱ ማለት ይችል ነበር፣ ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ጋሼ ቀጥ ብሎ እያየው ነው።

«ባንተው» አለ። «ድሮም አልተበላሸም፣ ጋሼ።»

እትዬ በሩ ላይ ብቅ ብላ እኔ ነኝ አድርግ ያልኩት አለችና መጋረጃውን ጨብጣ ቆመች። ጋሼ ዝም አለ። ያ ካቻቪቴ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚፈራው ዝምታ ነበር፤ በጥፊ ቢለው በወደደ። ቆይቶ ሲናገር ግን ቁጣ አልነበረበትም።

«ስትወስደው እኮ ደስ ብሎኝ ነበር» አለ። «ራሴ ላጠፋው ስንቴ ሞከርኩ፣ እጄ እምቢ አለኝ። ሲበላሽ ተመስገን አልኩ። ለዚያ ነው ተሠራ ወይ ብዬ ያልጠየቅሁህ።» ተነሣና በሩን ለመግፋት እጁን ሲዘረጋ በሽታው ትዝ ያለው ይመስል መልሶ ሰበሰበው። «ክበብ የሄድኩት በራሴ እግር ነው፤ አንተ አልወሰድከኝም።»

እትዬ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችለት፤ ጋሼም ከግድግዳው ጋር እየታከከ፣ ከእሷ ርቆ፣ ወደ ጓዳ ክፍል ገብቶ ዘጋ።

ሳምንት ሳይሞላ ሳሉ ጀመረው። ነጭ የለበሱ ሰዎች ሊወስዱት ሲመጡ ካቻቪቴ ከመንገዱ ማዶ ነበር። አላስችል ብሎት ሊሻገር ሲል ጋሼ ከአምቡላንሱ በር ላይ አየውና እጁን አውለበለበ፤ ረዳት መኪና ወደኋላ ሲያስመልስ እንደሚያደርገው ነበር፣ ወደኋላ በል፣ ወደኋላ፣ እዚያው ቁም። ካቻቪቴ እዚያው ቆመ። መኪናው ከሄደ በኋላም ቆሞ ነበር።

ጋሼን ያስገቡት ለበሽታው ሲባል የሕክምና ማዕከል በሆነው በትልቁ የስብሰባ አዳራሽ ነው። ጠያቂ አይገባም። የአዳራሹ ስልክ ይጠራል፣ ይጠራል፣ የሚያነሣው የለም፤ ቢያነሡም ስሙን ጠይቀው ቆይ ይሉና ይቋረጣል። የጋሼ ስልክ ባትሪው አልቆ ነው መሰለኝ ዝም ካለ ቆይቷል። እትዬ ምርመራዋ ነጻ ቢወጣም ከቤት እንዳትወጣ ታዛለች። ካቻቪቴ በስልክ ቴሌቪዥኑን ላምጣልሽ ወይ ቢላት አይሆንም፣ ብቻዬን ሆኜ አላየውም፣ አንተ አይተህ ንገረኝ አለችው። እንግዲህ የቀረው መነጽራሟ ናት። በየማዕከሉ የሞቱትን ስታነብ አዳራሹን መጨረሻ ላይ ነው የምትጠራው። ካቻቪቴ ከመስኮቱ ወዲህ፣ ከሰዉ ሁሉ ቀድሞ ይቆማል። የአዳራሹ ማዕከል፣ የሞተ የለም ስትል እንደገና መተንፈስ ይጀምራል። ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ስልኩ ይጮሃል።

«አወለቀች?» ትላለች እትዬ።

«ለሌላ ቦታ ነው ያወለቀችው። አዳራሹ ደህና ነው።»

«ተመስገን።» ትዘጋለች። ሌላ ወሬ የላቸውም።

አንድ ቀን ግን መነጽራሟ አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሞተ አለች። ስም አትጠራም፣ የምትናገረው ዕድሜና ፆታ ብቻ ነው። ወንድ አለች። ካቻቪቴ ጠረጴዛውን ያዘ። ዕድሜው ሠላሳ ሁለት አለች። ሌላ የሰው ልጅ ነበር፣ የሌላ ቤት ሐዘን፤ ካቻቪቴ ግን ደስ አለው፣ በደስታውም አፈረ። ያን ዕለት ፀጉር አስተካካዩ አልቀለደም።

ዓርብ ዕለት ከመግለጫው በኋላ የጣቢያው አስተዋዋቂ ፈገግ ብሎ ቀረበ። ተመልካቾቻችን ድምፅ ሰጥታችኋል አለ። አብላጫው ይቁም ብሏል፤ ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ በዚህ ሰዓት ተከታታይ ፊልም እናቀርባለን፣ ስለ በሽታው አዲስ ነገር ሲኖር በዜና ሰዓት ባጭሩ እንነግራችኋለን። ካቻቪቴ ስልኩን አውጥቶ «ይቀጥል» ብሎ ላከ። መልሱ ወዲያው መጣ። ድምፅዎን ቀደም ብለው ስለሰጡ እናመሰግናለን ይላል።

በማግስቱ ወደ ጣቢያው ደወለ። ብዙ ካስጠበቁት በኋላ አንዲት ሴት አነሣች። ድምፅዋ ደግ ነበር፤ ደግ ባትሆን ኖሮ ይሻል ነበር፣ የሚቆጣበት ሰው ያገኝ ነበር። ወንድሜ አዳራሹ ውስጥ ነው፣ በሕይወት መኖሩን የማውቀው በናንተ ነው አላት። ሴትዮዋ አዳመጠችው። እንደ እርስዎ ያለ ብዙ ሰው ይደውላል አለችው። ግን ሌላውም ይደውላል፤ አባቴ መግለጫውን እያየ ሊሞትብኝ ነው፣ እባካችሁ አቁሙልኝ የሚል አለ፣ ትናንት አንዱ አልቅሶብኛል። ለየትኛው ልታዘዝ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር? ያ ሌላው ሰው ካቻቪቴ ራሱ ነበር። ይቅርታ ብሎ ዘጋ።

ሰኞ አስር ሰዓት ላይ ሰዉ እንደ ልማዱ ተራርቆ ቆመ። ሰዓቱ ሲደርስ ሙዚቃ መጣ፣ የፊልሙ ስም መጣ፣ አንዲት ቆንጆ ልጅ ከባቡር ስትወርድ ታየች። ፀጉር አስተካካዩ እፎይ አለ። አትክልት ሻጯ አንገቷን አስግጋ ወደ ካቻቪቴ አየች። ካቻቪቴ ሌላ ጣቢያ ሞከረ፣ ሌላም ሞከረ፣ ተመለሰ። ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ ትሄዳለች። ከዚያ ያደረገውን ነገር ሰፈሩ እስከ ዛሬ ያነሣዋል። ቴሌቪዥኑን አጠፋ፣ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለ፣ በፊቱ ጠረጴዛው ላይ ደፋው፣ ካቻቪቴውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ጀርባውን ይፈታ ጀመር።

ፀጉር አስተካካዩ ደህና ነው እኮ፣ ፊልሙን ምን አደረግህብን አለው። ካቻቪቴ አልሰማውም። ቴሌቪዥኑ ምንም እንደሌለበት ከማንም በላይ ያውቃል። ግን እጁ ሌላ ሥራ አያውቅም፤ የሆነ ነገር ሲጠፋበት ከፍቶ መፈለግ ብቻ ነው የለመደው። አንዱን ሽቦ ነካ፣ ሌላውን ነካ፣ መጨረሻ ያቺን ጥፍር የማታክል ፊውዝ ነቀላትና በጣቱ ይዞ ተመለከታት። ዓይኑ እንባ ግጥም ብሎ ሞልቶ ነበር። ስልኩ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። ቁጥሩን አያውቀውም።

መጀመሪያ የሰማው ትንፋሽ ነበር፤ ከባድና ቁርጥ ቁርጥ የሚል።

«እኔ ነኝ» አለ ጋሼ። «ነርሷ ስልኳን ሰጥታኝ ነው። ዛሬ ምን አለች?»

«ማን፣ ጋሼ?»

«መነጽራሟ ናታ። እዚህ ቴሌቪዥን የለም። ሰዉ አልጋው ላይ ሆኖ አስር ሰዓት ሲሆን ዝም ይላል፣ የሚነግረን ግን የለም።»

«አልቀረበችም። ጣቢያው አቁሞታል።»

ከወዲያ የአንድ መሣሪያ ድምፅና የሌላ ሰው ሳል ተሰማ። ጋሼ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጊዜ ወሰደ።

«አለቀ ማለት ነው?»

ካቻቪቴ በጣቱ የያዛትን ፊውዝ አየ። አዎ ቢለው ጋሼ ዛሬ ይተኛል። እንደዚያን ጊዜው ሾርባውን ይጨርሳል፣ ለጎን ላለው በሽተኛም ይነግራል፣ አልጋው ሁሉ ደስ ይለዋል። ውሸቱም ቀላል ነው፤ አንዲት ቃል ናት።

«አላለቀም ጋሼ» አለ። «ሰዉ ሰልችቶት ነው። ይቁም ካሉት አንዱ እኔ ነኝ።»

ጋሼ ሳቀ፣ ወይም ሳለ፤ አልለየውም።

«አንተ ልጅ» አለ። ቆየና፣ «በል እንግዲህ፣ ነርሷ እሺ ብላኛለች፣ ነገ በዚሁ ሰዓት እደውላለሁ። አንተ ትነግረኛለህ፣ እኔ ለሰዉ እነግራለሁ። እንዳትደብቀኝ።»

እሺ ጋሼ አለ። ስልኩ ተዘጋ። ካቻቪቴ ምን እንደሚነግረው፣ ወሬውን ከየት እንደሚያመጣው አያውቅም። ከመስኮቱ ውጭ የነበረው ሰው አንድ ባንድ ሄዶ አትክልት ሻጯ ብቻ ቆማለች። ፊውዟን ቦታዋ ሊመልሳት ሲሞክር ስልኩ እንደገና ጮኸ፤ አሁን እትዬ ናት።

«አወለቀች?»

መግለጫው መቅረቱን ነገራት፤ ጋሼ ራሱ እንደደወለም ነገራት። እትዬ አለቀሰች፣ ድምፁ እንዴት ነው አለች፣ ምን በላ አለች፣ ደግማ ደጋግማ ምን እንዳለ አስነገረችው። ነገም አስር ሰዓት ላይ እደውላለሁ ብሏል አላት።

«ካልደወለስ?» አለችው።

ካቻቪቴ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ የተፈታታውን ቴሌቪዥን ያይ ነበር። ከዚያ ፊውዟን ቦታዋ መለሳት።